«ዶፓሚኔ አልቋል» ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው። አካውንታንት ነኝ። አምስት ወር ሆነኝ፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም። ኳስ በጣም እወድ ነበር። አሁን ጨዋታው አልቆ ውጤቱን እንኳ አልጠይቅም። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ፣ አንዳንዴ በሳምንቱ መሐልም። ማታ ማታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ላይ ነኝ። ቲክቶክ ላይ ‹ዶፓሚን ሲያልቅ› የሚል ቪዲዮ አየሁ፤ የተባለው ምልክት ሁሉ እኔ ላይ አለ። ዶፓሚን የሚለካ ላብራቶሪ አለ? የሚጨምር ኪኒንስ? ‹የዶፓሚን ጾም› የሚሉትን ልሞክረው?»

መልስ፦ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ያረፈው ዶፓሚን የሚለው ቃል ላይ አልነበረም። «ውጤቱን እንኳ አልጠይቅም» ያልከው ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ዶፓሚንን እናጥራ፤ በዚህ ስም ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም እየጨረሰ ነው። ዶፓሚን አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው።

ደምና ሽንት ውስጥ ያለ ዶፓሚን የሚለካ ምርመራ አለ። እኛ ሐኪሞች የምናዘው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠችው ዕጢ የሚነሱ አንዳንድ ዕባጮችን ስንጠረጥር። አንጎልና ደም መካከል ጥብቅ ማጣሪያ አለ። ዶፓሚን ያን ማጣሪያ አያልፍም። ኩላሊትም አንጀትም የየራሳቸውን ዶፓሚን ይሠራሉ። ስለዚህ ክንድህ ላይ ከተቀዳ ደም አንጎልህ ውስጥ ስላለው ዶፓሚን የሚነግርህ ላብራቶሪ የለም። አለኝ የሚልህ ካለ ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

«ቀዝቃዛ ውሃ ዶፓሚንን 250 በመቶ ይጨምራል» የሚለውንም ሰምተህ ይሆናል። ቁጥሩ ከእውነተኛ ጥናት የመጣ ነው። ሰዎች 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው ነበር። የተለካው ግን ደማቸው ውስጥ ያለው ዶፓሚን ነው። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ነቃ ካደረገህ ታጠብ። ቁጥሩን ግን ወደ አንጎልህ አትውሰደው።

አሁን «ዶፓሚን አለቀ» ማለት በእውነት ምን እንደሚመስል ላሳይህ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ስልሳዎቹን እየጨረሱ ያሉ ናቸው። ወንበር ላይ ተቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ወዲያው አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው ጥጥ እንደሚፈትል ሰው ይፋተጉ ጀመር። የውሃ ብርጭቆ እንዲያነሱልኝ ጠየቅኳቸው። ሲያነሱት እጃቸው ጸጥ አለ። አስቀምጠው ጭናቸው ላይ ሲመልሱት ፍተላው ቀጠለ። ልጅቷ «እማዬ ቡና ስትቀዳ አትንቀጠቀጥም እኮ፣ ለዛ ነው እርጅና ነው ብለን ዝም ያልነው» አለችኝ። ቡና ሲቆላ ሽታው አልመጣ ካላቸው ግን ዓመታት አልፈዋል። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ጠፍቷል። ቤተሰቡ የተቆጡ መስሎት ነበር። ሊወጡ ሲሉ በሩ ደፍ ላይ እግራቸው መሬት ላይ የተሰፋ ይመስል ቆሙ። መሄድ ይፈልጋሉ፤ እግራቸው ግን አልጀምር አለ።

ይህ ፓርኪንሰን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ስለጻፈበት በእሱ ስም ይጠራል። መካከለኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ ጠቆር ያለች ትንሽ ቦታ አለች። ዶፓሚን የሚሠሩ ሕዋሳት እዚያ አሉ። እዚያና አጠገቧ ያሉት ተደምረው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም፤ አንጎል በጠቅላላ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እያሉት ማለት ነው። በፓርኪንሰን የሚሞቱት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው። መንቀጥቀጡና መዘግየቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብዙው ዶፓሚን ከሄደ ቆይቷል። እንደዚያ ሆኖም እናትየው ያን ቀን የልጅ ልጃቸውን ስም ሲሰሙ ዓይናቸው በርቷል። እንግዲህ አንተ ተነስተህ ሥራ ሄደህ፣ ሒሳብ ዘግተህ፣ ይህን ሁሉ ጽፈህ ልከህልኛል። ያንተ ዶፓሚን አላለቀም።

ይህን ያወቅነው እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ሁሌ ያስደንቀኛል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ዶፓሚን የሌላ ንጥረ ነገር መሥሪያ፣ መንገድ ላይ የሚገኝ ነገር ብቻ ይመስል ነበር። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ለጥንቸሎች ሬዘርፒን የሚባል መድኃኒት ሰጠ። በዚያ ዘመን ለደም ግፊት የሚታዘዝ ነው። ጥንቸሎቹ ደነዘዙ። ጆሯቸው ወደቀ፣ ካሉበት አልነቃነቅ አሉ። ቀጥሎ ሌቮዶፓ ወጋቸው። ይህ የዶፓሚን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ያን ጥብቅ ማጣሪያ ማለፍ ይችላል። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ተነሱ። ይህ በ1957 ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መረመረና ዶፓሚን በጣም አንሶ አገኘው። ሌቮዶፓ ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ዛሬም ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ካርልሰን በ2000 ከሁለት ሌሎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ዶፓሚን ሲታገድም ይታያል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ድንገተኛ ክፍል ተሸክመዋት መጡ። አንገቷ ወደ ጎን ተጠምዟል። ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሎ አልመለስ ብሏል። ምላሷ ይወጣል። ልጅቷ ሁሉን ትሰማለች፣ ግን መናገር አልቻለችም። አባቷ ዳዊት ይደግማሉ። ጠዋት ስታስመልስ ፕላሲል ወስዳ ነበር። ፕላሲል ማስመለስን የሚያቆመው የዶፓሚን ተቀባዮችን፣ ማለትም ዶፓሚን ሕዋስ ላይ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች፣ ዘግቶ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ፣ በተለይ ልጆችና ወጣት ሴቶች ላይ፣ እንዲህ ዓይነት የጡንቻ መጠማዘዝ ያመጣል። ማርከሻው መርፌ ተሰጣት። በደቂቃዎች ውስጥ አንገቷ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ያለችው «አባዬ» ነው። ይህን የምነግርህ ለምክንያት ነው። ዶፓሚንን ያለ ሐኪም መነካካት፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ዶፓሚን ሥራው ምንድን ነው? ቪዲዮዎቹ «የደስታ ሆርሞን» ይሉታል። ይህ ስያሜ ነው ብዙውን ስህተት የሚወልደው።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አስብ። ሕፃን ሳለህ ትርጉም የነበረው ከረከቦቱ የሚሰጥህ ፈንዲሻ ብቻ ነበር። ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም ግን ፈንዲሻው ገና ሳይመጣ፣ የሚቆላው ቡና ሽታ ራሱ ቀጥ አድርጎ ከመኝታ ቤት ያወጣህ ጀመር። ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ያየው ይህንኑ ነው። ዝንጀሮዋ ሳትጠብቅ ጭማቂ ጠብ ሲልላት የዶፓሚን ሕዋሳቷ መልእክት ይተኩሳሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እንዲበራ ተደረገ። ከተለማመደች በኋላ ሕዋሳቱ የሚተኩሱት መብራቱ ሲበራ ሆነ። ጭማቂው ሲመጣ ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ፣ ይመጣል በተባለበት ቅጽበት የሕዋሳቱ ድምፅ ከወትሮው በታች ይወርዳል። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ጀበናው ተሰበረ እንበል፤ ያ ሆድ የሚያሳንስ ነገር እሱ ነው። ስለዚህ ዶፓሚን በአብዛኛው «ከጠበቅሁት በላይ ነው ወይስ በታች?» የሚል መልእክት ነው። ይማራል፣ ይጠብቃል፣ ያስነሳሃል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያንተን ይነካል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኬንት ቤሪጅ ዶፓሚናቸው ጠፍቶ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ የማይበሉ አይጦችን አጠና። ካልተመገቡ ይሞታሉ። ግን ምላሳቸው ላይ ስኳር ጠብ ሲያደርግላቸው እንደ ማንኛውም አይጥ ከንፈራቸውን ይልሱ ነበር። ጣዕሙ አልጠፋቸውም። የጠፋው ሄዶ ማምጣቱ ነው። መፈለግና መርካት አንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሏቸው። ዶፓሚን ያለው በአመዛኙ የመፈለጉ መንገድ ላይ ነው።

 አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ሐራራ። ሐራራ የያዘው ሰው ደስ ብሎት አያውቅም። ይቁነጠነጣል፣ ያዛጋል፣ ሰው ላይ ይጮኻል፣ ግን እግሩ ወደዚያው ይሄዳል። «ጫት መቃም ትወዳለህ?» ብለህ ብትጠይቀው «ኧረ ሰልችቶኛል» ሊልህ ይችላል። እያለህም ቀንበጡን እየቀነጠሰ ነው። መፈለጉ ብቻውን ቀርቷል፤ መርካቱ ከሄደ ቆይቷል። ቲክቶክ ላይ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ማስረዳት ያቃተውን የጫት ቤት ሰው በአንድ ቃል ይናገረዋል።

ጫቱን በግልጽ እንነጋገርበት። ልፈርድብህ አይደለም። የማክመው ሰው ግማሹ ይቅማል። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ነው ለይቶ ያወጣው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ዘመድ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የተከማቸውን ዶፓሚን ገፍቶ ያስወጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ ሌሊት ተጭኖ በጥድፊያ የሚከንፈውም፣ በኮባ ተጠቅልሎ እርጥበቱ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

ምርቃናው ሲመጣ ያለውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ወሬው ይደምቃል። የማይሠራ ሥራ የለም። ፎቅ ይገነባል፣ ድርጅት ይከፈታል፣ ሁሉም እዚያው ፍራሽ ላይ። አንጎልህ «ትልቅ ነገር እየመጣ ነው» የሚል መልእክት በብዛት እየደረሰው ነው፤ የሚመጣ ነገር ግን የለም። ከዚያ ዝምታው ይመጣል። ዓይን ወደ አንድ ቦታ ይተክላል። እንቅልፍ እንቢ ሲል ጨብሲ ይፈለጋል፤ ሁለት ሦስት ቢራ። አሁን ሁለተኛ ሱስ እየተተከለ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ሁሉም ነገር አመድ አመድ ይልሃል። ስታቆመው ደግሞ ማታ ዱካኩ አለ።

እንዲህ ሲደጋገም አንጎል ራሱን ይከላከላል። ኖራ ቮልኮቭ የምትባል ተመራማሪ በተለያዩ ሱሶች የተያዙ ሰዎችን አንጎል በምስል ስታይ፣ የዶፓሚን ተቀባዮች ቁጥር ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ አግኝታዋለች። ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ሲያስጮህ መስኮት እንደምትዘጋው ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የሚቀርብህ ግን ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ወፎቹንም አትሰማም። ኳሱ የጠፋብህ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ መስኮቱ በሚስማር አልተመታም። ሰው ሲያቆም ተቀባዮቹ ቀስ እያሉ ሊመለሱ ይችላሉ፤ በሳምንታትና በወራት እንጂ በቀናት አይደለም። ስለዚህ ባቆምክ በአምስተኛው ቀን «ምንም አልተለወጠም» ብለህ አትደምድም። አምስተኛው ቀን ከሁሉ ከባዱ ሊሆን ይችላል።

ስልኩም ዘመዱ ነው፣ ግን እኩል አላደርጋቸውም። ስልክ ዶፓሚንን እንደ ካቲኖን ገፍቶ አያስወጣም። የሚያደርገው ዝንጀሮዋ ላይ የተደረገውን ነው፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ጥሩ ይሁን አይሁን አታውቅም። ደስታው ሲመጣና ሲቀር መገመት ባቃተ ቁጥር የመፈለጉ መንገድ ይበልጥ ነቅቶ ይጠብቃል። የቤቲንግ ቲኬትም የሚይዝህ በዚሁ ነው። ስልኩ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሚሰርቅህ እንቅልፍ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ጤነኛ ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ በማግስቱ በአንዳንድ የአንጎል ክፍል የዶፓሚን ተቀባዮቻቸው ቀንሰው ታይተዋል። አንተ ስምንት ሰዓት ተኝተህ አሥራ ሁለት ተኩል ትነሳለህ ብዬ ልገምት። ይህ በሳምንት አምስት ቀን፣ ቅዳሜ ከምርቃና ጋር።

ኪኒኑን በተመለከተ። ኢንተርኔት ላይ «ዶፓሚን ቡስተር» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ታይሮሲን ነው፤ ሰውነትህ ዶፓሚን የሚሠራበት አሚኖ አሲድ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽምብራ ውስጥ አለ። በልቶ ለሚያድር ሰው ተጨማሪው ፋይዳው እምብዛም ነው። ባቄላ ውስጥ ደግሞ ራሱ ሌቮዶፓ አለ፣ በተለይ እሸቱ ውስጥ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ መድኃኒቱን አስትቶ እሸት ባቄላ ማብላት ያምረዋል። እባካችሁ አታድርጉት። መጠኑ ከማሳ ማሳ፣ ከቅንጣት ቅንጣት ይለያያል። ሌቮዶፓ ያለባቸው ሌሎች እንክብሎችም ይሸጣሉ። አእምሮው ታሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነሱን ቢውጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ለሥነ አእምሮ ሕመም የምንሰጣቸው ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት ዶፓሚንን ቀነስ በማድረግ ነውና። በቤተሰብህ ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ይከታተለኛል የሚል ሰው ካለ ደግሞ ጫቱ ላንተ ከሌላው ሰው በላይ ያሰጋል። ይህን ሐኪሙ ባይጠይቅህም ራስህ ንገረው።

«የዶፓሚን ጾም» የሚሉት በ2019 ገደማ ከአሜሪካ፣ ከሲሊከን ቫሊ የተዛመተ ነው። ስሙ አሳሳች ነው። ዶፓሚን አይጾምም፤ ስትራመድም እየሠራ ነው። አንዳንዱ ሰው ከሰው ጋር ማውራትንና ሙዚቃን ሁሉ ይተዋል። ድባቴ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ጎጂ ነው። ከስሙ ስር ያለው ሐሳብ ግን ይሠራል፤ ለዝንጀሮዋ ይበራ የነበረውን ዓይነት መብራት ማጥፋት። ፍላጎቱን የሚቀሰቅሰው ምልክቱ ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጓደኛህ «የት ነህ?» ብሎ ሲደውል ሐራራህ የሚነሳው ጫቱን ሳታየው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሌላ ቦታ ሁን፤ አንድ ሰው የሚጠብቅህ ቦታ። ብቻህን ቤት ቁጭ ብለህ በፈቃድህ ጥንካሬ ልታሸንፈው አትሞክር። ስልኩን ማታ ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርገው፤ ለማንቂያ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴም ጨምርበት። ሜታምፌታሚን የሚባል የአምፌታሚን ዓይነት ዕፅ አቁመው በማገገም ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ስምንት ሳምንት ስፖርት ተሞክሮ የዶፓሚን ተቀባዮቻቸው ሲጨምሩ ታይቷል። አንተ ጋ ጂም መሆን የለበትም። ከሥራ ወደ ቤት ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ወርደህ ፈጠን ብለህ ተራመድ።

አሁን ወደ ኳሱ ልመለስ። ይወደው የነበረውን ነገር ያልፈለገ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እኛ መጀመሪያ የምናስበው ድባቴን ነው። አንተ አምስት ወር ብለሃል። ድባቴ ደግሞ የዶፓሚን ብቻ ሕመም አይደለም። ብዙ ነገር ይነካል፤ ይታከማልም። መድኃኒት ሳይሰጥ በንግግር ሕክምና የሚሻለው አለ፤ ኪኒን የሚያስፈልገው አለ። ከኪኒኖቹ ውስጥ ዶፓሚንን የሚነኩ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። የትኛው እንደሚሆንህ አይቶህ የሚወስነው ሐኪም ነው። ጫት ያደከመህ ነው ወይስ ድባቴው ወደ ጫት የገፋህ? እሱን በደብዳቤ መለየት አልችልም። ፊት ለፊት ተቀምጦ «የቱ ቀደመ?» ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። ሐኪሙ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም ሊያዝልህ ይችላል፤ ሁለቱም ሰውን እንዲህ ያቀዘቅዛሉ። ላብራቶሪ ከፈለግህ እነዚህ ናቸው ጠቃሚዎቹ።

«መኖር ምን ያደርግልኛል» የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ብሎብህ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገርና አብራችሁ አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እሱ ከሌለ ደግሞ በዚህ ሳምንት የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂድ። አማኑኤል መሆን የለበትም። በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ። ከመሄድህ በፊት ግማሽ ወረቀት ላይ ጻፍ፦ ኳሱ መቼ መሰልቸት እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትቅም፣ ጨብሲ ካለ ስንት ቢራ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ። የገዛኸው እንክብል ካለም ዕቃውን ይዘህ ሂድ። ቁጥሩን አትቀንሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጻፍልኝ፤ አነበዋለሁ።